ለኪዮስ ደሴት ልጆች፦ እደጉ፣ ተመንደጉ

ውድ ልጆች፣

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ ነው የጻፍኩት። ግሪክኛዬ ለሥራና ለገበያ ይበቃኛል፤ ሆዴ ውስጥ ያለውን ሁሉ ግን አያወጣልኝም። ልጄ ወደ ግሪክኛ ትመልስላችኋለች። በአማርኛ የምታነቡት ወገኖቼም፣ እነዚህ ልጆች ምን እንዳደረጉልን እወቁልኝ።

የልጄ ክፍል 22 ተማሪዎች፣ ሁለት መምህራንና እኔን ጨምሮ ሦስት እናቶች ሆነን ማታ ከአቴንስ ወደብ ከፒሬዎስ በመርከብ ተነሳን። ማክሰኞ ንጋት ላይ የግሪክ ደሴት ወደሆነችው ኪዮስ ገባን። የደቡብ መንደሮች ተማሪዎች ባህላቸውንና የደሴታቸውን ታሪክ ሊያስተዋውቁን ጋብዘውን ነበር። ፕሮግራሙ ሁለት ቀን ነው። ረቡዕ ማታ ወደ አቴንስ እንመለሳለን ብለን ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሳ። በነፋስ መለኪያው 9 ቦፎር ደርሷል አሉ። መርከብ ከወደብ እንዳይወጣ ታገደ። ያረፍንበት ቦታ የተከፈለው እስከዚያው ቀን ብቻ ነው። የያዝነውም ገንዘብ ተቆጥሮ የተያዘ ነው። መምህራኑ ስልክ ላይ ተጠመዱ። ትንንሾቹ ማልቀስ ጀመሩ። እኔም ሰኞ ማታ ጥያት የመጣሁትን የማስታምማትን አሮጊት እያሰብኩ ጭንቅ ያዘኝ።

ያኔ ነው ከእናንተ አንዷ እጇን ያወጣችው። «እኛ ቤት ሁለት አልጋ አለ» አለች። ከእሷ ቀጥሎ ሌላው። ከዚያ ሁላችሁም። እናቶቻችሁን እንኳ አልጠየቃችሁም፤ እሺ እንደሚሉ ታውቃላችሁ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሁላችንም ቤት አገኘን። የሁለት ቀን እንግዶች ነበርን፤ እስከ ዓርብ ማታ ቤተሰብ ሆንን።

አሁን ስላስተማራችሁኝ ልናገር።

እኛ ኢትዮጵያውያን ከልጅነታችን ጀምሮ «ማስቲካ» እንላለን። ሱቅ ሄደን የምንገዛው፣ ክፍል ውስጥ ስናኝክ የምንቀጣበት ማስቲካ። ቃሉ ከየት እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም ነበር። እናንተ ናችሁ ከዛፉ ሥር አቁማችሁ ያሳያችሁኝ። ከዛፉ ቅርፊት የሚወጣውን ሙጫ «ማስቲሃ» ትሉታላችሁ። ሰው ከጥንት ጀምሮ ያኝከዋል። ቃሉ አገር ላገር ዞሮ እኛ ሰፈር ሱቅ ድረስ መጥቷል ማለት ነው። እጄን ቅርፊቱ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ።

ዛፉ በሌላም የሜዲትራኒያን አገር አለ። እንዲህ የሚያነባው ግን በደቡብ ኪዮስ ነው። በበጋ ከዛፉ ሥር ያለውን መሬት ትጠርጋላችሁ፣ ነጭ የድንጋይ ዱቄት ትነሰንሳላችሁ፣ ከዚያ በትንሽ ስል ብረት ቅርፊቱን ጫር ጫር ታደርጉታላችሁ። ለዚህ ሥራ የምትጠሩበት ስም ጥልፍ ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው ሲሉኝ ደስ አለኝ። ጠብታው ወርዶ እስኪጠነክር ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ይለቀማል፣ ይነፋል፣ ይታጠባል። ክረምቱን ሙሉ ደግሞ ሴቶች ተቀምጠው አንድ በአንድ በቢላ ጫፍ ያጸዱታል። ይህ እውቀት በ2014 (ዘመኖቹን ሁሉ በእናንተ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በዩኔስኮ መዝገብ ሰፍሯል። የ11 ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ ወረቀት ሳያይ ነገረን። ከአያቱ እጅ የተማረው ነው፤ ለምን ወረቀት ያያል?

አጎቴ መተማ ወርዶ የእጣን ዛፍ ላይ ይሠራ ነበር። እሱም ልጡን ፋቅ ያደርግና እንባው እስኪደርቅ ይጠብቃል። ይህን ስነግራችሁ ከበባችሁኝ። «ዛፉ ምን ይመስላል? ሽታውስ? እናንተም እንባ ነው የምትሉት?» እንደዚያ ቀን ስለ አገሬ የጠየቀኝ ሰው የለም።

የቅዱስ ኢሲዶሮስን ታሪክ የነገረችን ልጅ፣ አንቺን አልረሳሽም። በሮሙ ንጉሥ በዳኬዎስ ዘመን በ251 በደሴቲቱ ሰማዕት ሲሆን ዛፎቹ አለቀሱ፣ እንባቸውም ማስቲሃ ሆነ ይባላል አልሽን። ስትናገሪ ድምፅሽን ዝቅ አደረግሽ። እናቴ የሰማዕታትን ገድል ስትነግረን እንደዚያ ነበር ድምፅዋ።

ፒርጊ መንደርን በእግር አዞራችሁን። ግድግዳው ሁሉ በግራጫና በነጭ ቅርጽ ያጌጠ ነው። መጀመሪያ ግራጫ ልስን ይለሰናል፣ ላዩ ኖራ ይቀባል፣ ከዚያ በሹካ መሰል ነገር እየተፋቀ ሦስት ማዕዘኑና ክቡ ይወጣል። የእኛን የጥበብ ጥለት አስታወሰኝ።

ከሁሉ የከበደኝ የ1822 ነገር ነው። ልጆች ናቸውና ያልፉታል ብዬ ነበር። አላለፋችሁትም። የግሪክ የነፃነት ጦርነት በተነሳ በዓመቱ የኦቶማን ጦር ደሴቲቱን እንዴት እንዳጠፋት፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው እንደተገደለ፣ በአስር ሺዎች ደግሞ ለባርነት እንደተሸጠ ተናገራችሁ። የማስቲሃ መንደሮች ለጊዜው የተረፉት ሙጫው ለሱልጣኑ ቤተ መንግሥት ይፈለግ ስለነበር መሆኑንም አልደበቃችሁም። በኔአ ሞኒ ገዳም በመስታወት ውስጥ የተቀመጠውን የሟቾቹን አጥንት አሳያችሁን። ሻማ ለኮስኩ።

ቀጥሎ አንድ ልጅ ካርታ ዘርግቶ የባሕሩን ጠባብ ቦታ በጣቱ ለካ። ቱርክ በዓይን ትታያለች። በ1922 ከዚያ ማዶ ስደተኞች በጀልባ መጡ፤ የእናቱ ወገኖች ከእነሱ ናቸው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ረሃብ ሲገባ ደግሞ የደሴቲቱ ሰዎች በጀልባ ወደዚያው ማዶ ሸሹ። «እዚህ ባሕር ላይ ሁሉም ተራው ይደርሰዋል» አለ። እኔ ስደተኛ ነኝ። ይህን ከልጅ አፍ ስሰማ እንባዬን መያዝ አልቻልኩም። ያኔ ያላስረዳኋችሁ ይህን ነው፤ ያስለቀሰኝ ደስታ ነው።

ሳቅም ነበር። በዓቢይ ጾማችሁ መግቢያ ሰኞ በሜስታ መንደር የሚጫወቱትን የ«አጋ»ን ችሎት አስቀድማችሁ አሳያችሁን። እንደ ኦቶማን ሹም የለበሰው ልጅ ዙፋኑ ላይ ተቀምጦ ሁላችንንም ከሰሰን። እኔን «ነፋሱን ከአቴንስ ይዛ መጥታለች» ብሎ አንድ የአገሬን ዘፈን እንዳስተምር ፈረደብኝ። አስተማርኩ። እስክስታውንም ጭምር።

ያደርኩበት ቤት ያያ (አያት ማለት ነው)፣ ለእርስዎ ለብቻ ልበል። የእኛ ጾም ከእናንተ አንድ ሳምንት ቀድሞ ይገባል። ጠረጴዛው ላይ አይብና እንቁላል ሞልቶ እኔ እጄን ስሰበስብ አላስጨነቁኝም። ምክንያቱን ጠየቁ፣ ሰሙ፣ ተነስተው ሽንብራ ቀቀሉልኝ። በማግስቱ ቤቱ ሁሉ ከእኔ ጋር ሽንብራ በላ። ሐሙስ ማታ ለስጦታ የያዝኩትን ጥሬ ቡና በመጥበሻ ቆላሁ፣ በእናንተ የቡና ማፍያ በብሪኪ አፈላሁ። ጀበና የለም፣ ረከቦት የለም። እርስዎ ግን ከምድጃው ፍም አወጡና ሁለት ጠብታ ማስቲሃ ጣል አደረጉበት። ጢሱ ሲወጣ ዓይኔን ጨፈንኩ። የእናቴ ቤት ነው የሸተተኝ። ዕድሜ ይስጥልኝ።

አሁን ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ነገር ላይ ደረስኩ። ልጄ የተወለደችው አቴንስ፣ ኪፕሴሊ ሰፈር ነው። «ከየት ነሽ?» ሲሏት «ከዚህ ነኝ» ብላ ዞር ትላለች። ጥያቄው ስለሰለቻት አልፈርድባትም። ስለ ኢትዮጵያ ግን ክፍል ውስጥ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም። እናንተ ግን የደሴታችሁን ጨርሳችሁ «አሁን ተራው የእናንተ ነው» አላችሁ። የልጄን ስም ጠራችሁ። ተነሳች። ፊደል ሰሌዳው ላይ ጻፈች፣ የእያንዳንዳችሁን ስም በአማርኛ ጻፈችላችሁ። ስለ ላሊበላ ተናገረች፣ ከዚያ ማንም ሳይጠይቃት አያቷ ስለነገረቻት የረሃብ ዘመን ቀጠለች። የራሳችሁን መከራ ሳትደብቁ ስትናገሩ ሰምታ ነው። እኔ በ11 ዓመት ያላስቻልኳትን እናንተ በሦስት ቀን አስቻላችኋት።

መምህራኑን፣ ሳይከፈለው ሦስት ቀን ያመላለሰንን የአውቶቡስ ሹፌር፣ ለታመመው ልጅ ሌሊት በሯን የከፈተችውን ፋርማሲስት፣ ዓርብ ማታ ወደብ ድረስ ወርደው በዚያ ብርድ እጃቸውን ያውለበለቡትን ሁሉ እግዜር ይስጥልን።

ልጆች፣ ከፋሲካ በኋላ አቴንስ እንደምትመጡ ሰምቻለሁ። ቤቴ ጠባብ ናት፣ በየተራ ትገባላችሁ። ያኔ ጾሙ ተፈቷል፤ ዶሮ ይሠራል፣ በርበሬውን ቀነስ አደርግላችኋለሁ። ያያ የሰጡኝን ማስቲሃ በብልቃጥ አስቀምጬዋለሁ። ለፍሙ የሚሆን ከሰል ተገዝቷል።