ቀለሙን ተዉትና ሜሹን አሳዩን

ለዝግጅት ክፍሉ፣ ሰላም ናችሁ?

ሰሞኑን ስለ ኢንጂነሪንግ ሶፍትዌሮች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ነው የምጽፍላችሁ። ጽሑፉ ደህና ነው። ያናደደኝ አብሮት የወጣው ፎቶ ነው። ከሰማያዊ ተነስቶ በአረንጓዴና በቢጫ አልፎ ቀይ ላይ የሚደርስ፣ የልደት ፊኛ የመሰለ የማሽን ዕቃ። ከሥሩ ደግሞ ጥንካሬው በኮምፒዩተር ተረጋግጧል ይላል። በምን ተረጋገጠ? እንዲህ ያለ ሥዕል እኮ እኔ ከተበላሸ ፋይል ላይም ቡናዬ ሳይቀዘቅዝ አወጣላችኋለሁ።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ ባጭሩ ልንገር። ቅርጹ የተወሳሰበ ብረት ጭነት ሲያርፍበት የት እንደሚጨነቅ፣ ማለትም ጫናው የት እንደሚበረታበት፣ በአንድ ቀመር አይሰላም። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ዕቃውን በትናንሽ ቁራጮች ይከፋፍለዋል፣ እያንዳንዱን ያሰላል፣ ከዚያ መልሶ ይገጣጥማል። ዘዴው ፋይናይት ኤለመንት ይባላል። የቁራጮቹ መረብ ደግሞ ሜሽ። ቀለሙ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ቀዩ ጭንቀቱ የበረታበት፣ ሰማያዊው የቀለለበት ቦታ ነው። ስሌቱ የኮምፒዩተሩ ጣጣ ነው። ሰው የሚያለቅሰው ሜሹ ላይ ነው፣ በተለይ ቅርጹ ራሱ የሣለው ሳይሆን ከሌላ ቦታ የመጣለት ከሆነ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ የአንድ ክሬሸር፣ የድንጋይ መፍጫ ማሽን፣ የሞተር መቀመጫ ተሰነጠቀ። ስፔሩ ከውጭ ይምጣ ቢባል ዶላሩም ጊዜውም የለም። እዚሁ ይሠራ ተባለ። ሻጩ ደግ ሰው ሆኖ የዕቃውን ፋይል በስቴፕ ላከልን። ስቴፕ አንዱ ሶፍትዌር የሣለውን ሌላው እንዲያነበው ተብሎ የወጣ፣ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ደረጃ ያለው ፎርማት ነው። ከፈትኩት። ልቅም ያለ ዕቃ። ሜሽ የሚለውን ተጫንኩና ምሳ ወጣሁ። ስመለስ አሁንም እየፈጨ ነው። አሥር ሰዓት ላይ መብራት ሄደ፣ እኔም ወደ ቤቴ።

በማግሥቱ ቀስ ብዬ ሳጉላ ጉዱ ታየኝ። መቀመጫው ጎኑ ላይ የፋብሪካው ስምና የሞዴል ቁጥሩ ጎላ ብሎ ወጥቷል። ብረቱ ሲፈስ አብሮ የሚወጣ ጽሑፍ ነው። ምስኪን ሶፍትዌር፣ ይህ ጽሑፍ ምንም እንደማይሸከም በምን ይወቅ? የእያንዳንዷን ፊደል ኩርባ በትክክል ልያዝ ብሎ በሺዎች የሚቆጠሩ ደቃቅ ቁራጮች ደርድሮባታል። ከጠቅላላው ሜሽ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ጽሑፉ ላይ ነበር።

ፊደሎቹን አጠፋሁ። ሌላ ችግር ብቅ አለ። አንዱ ክብ ጠርዝ ከጠፍጣፋው ገጽ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ 140 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላት፣ ስፋቷ ግን 0.02 ሚሊ ሜትር የሆነች፣ ከፀጉር የቀጠነች ገጽ ተወሽቃለች። እሷን የሚሞላ ቁራጭ ወይ እጅግ ደቃቅ ይሆናል ወይ እንደ መርፌ ይሾላል፣ መርፌ የመሰለ ቁራጭ ደግሞ ስሌት ያበላሻል። ይህ የማንም ስንፍና አይደለም። አንዱ ሶፍትዌር በ0.01 ሚሊ ሜትር የተራራቁ ጠርዞችን ተገናኝተዋል ብሎ ያልፋል። ሌላው እስከ 0.001 ድረስ ስለሚመረምር ክፍተት ናቸው ይላል። ፋይሉ ከአገር አገር ሲሻገር ይህ ልዩነት አብሮ ይሻገራል።

የባሰው ግን ዝም ያለኝ ስህተት ነው። ከማጠንከሪያ ክንፎቹ አንዱ ከግድግዳው ጋር ተያይዟል፣ ከመሠረቱ ጋር ግን አልተያያዘም። ሲያዩት ተነካክተዋል፣ በሜሹ ውስጥ ግን ለየብቻ ናቸው። አንድ ነጥብ እንኳን አይጋሩም። ሶፍትዌሩ ምንም አላለም። ቀለሙም እንደ ልማዱ አምሮ ወጣ። የነቃሁት የዕቃውን መጣመም 500 ጊዜ አጉልቼ ሳየው ነው፣ ክንፉ ከመሠረቱ ተነስቶ አየር ላይ ተንጠልጥሏል። ያንን ሳላይ ብረቱን አቅልጦ ለሚያፈሰው ሰው ሰጥቼው ቢሆንስ እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ።

ታዲያ ጥቃቅኑን ሁሉ ጥረግ ማለትም አይደለም። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አለ፣ ጎበዝ ነው፣ አንድ ቀን ክብ ጠርዞቹን በሙሉ በአንድ ጠቅታ አጥፍቶ «ጋሼ፣ ሜሹ እኮ ቆንጆ ሆነ!» አለኝ። ቆንጆስ ሆኗል። ግን አሮጌው መቀመጫ ስንጥቁ የጀመረው ልጁ ካጠፋቸው የውስጥ ጠርዞች በአንዱ ላይ ነው። እዚያ ቦታ ክቡን አንስተህ ሹል ማዕዘን ካደረግከው፣ ሜሹን ባደቀቅክ ቁጥር ጭንቀቱ እየጨመረ ይሄዳል እንጂ አንድ ቁጥር ላይ አይረጋም። ፊደሎቹ ይውጡ፣ ያ ጠርዝ ይቅር። ይህን የሚለየው የተሰበረውን ብረት በእጁ ይዞ ያየ ሰው ነው።

ይሄ የኛ ድህነት ያመጣው ችግር ነው የሚል ካለ ኖርዌይን ያስታውስ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 23 ቀን 1991 ስታቫንገር አጠገብ ስሌይፕነር ኤ የተባለው የነዳጅ መድረክ የኮንክሪት መሠረት፣ በሙከራ ላይ ሳለ፣ ውስጡ ያለ ግድግዳ ተሰንጥቆ ሰጠመ። ሰው አልሞተም። ኪሳራው ግን 700 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተገምቷል። ምርመራው ከደረሰባቸው ምክንያቶች አንዱ ሜሹ ነው። ግድግዳዎቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ቁራጮቹ ትልልቅና የተጣመሙ ስለነበሩ ግድግዳውን ሊቆርጠው የሚታገለው ኃይል በ47 በመቶ አንሶ ተሰልቷል። ኮንክሪቱ ውስጥ የተቀበረው ብረት አደራረግም በቂ አልነበረም። በኋላ በደንብ ሲሰላ ግድግዳው 62 ሜትር ጥልቀት ላይ እንደሚሰበር ታወቀ። የተሰበረው 65 ሜትር ላይ ነው። ማለትም ዘዴው ሐሰተኛ አልነበረም፣ በትክክል ቢሠራበት ቀድሞ ይነግራቸው ነበር።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ዕቃ የምታስመርቱ፣ ዲዛይን የምታጸድቁ ሰዎች፣ ባለቀለሙን ሥዕል ሲያመጡላችሁ ሜሹን አሳዩን በሉ። ከዚያ የቁራጮቹ መጠን በግማሽ ሲያንስ መልሱ ስንት ሆነ ብላችሁ ጠይቁ። ቁጥሩ ብዙም ካልተነቃነቀ ጥሩ። መጠኑን በግማሽ መቀነስ የቁራጮቹን ብዛት ስምንት እጥፍ ያደርገዋልና ሰውየው ፊቱን ሊያኮማትር ይችላል። ያኮማትር። እያንዳንዱ ቁራጭ የሚሰላው በስንት ነጥብ ነው፣ ባለ 4 ነው ወይስ ባለ 10 ብትሉት ደግሞ ከዚያ በኋላ ሊያታልላችሁ አይሞክርም። ባለ 4ቱ ዕቃውን ከእውነቱ በላይ ግትር ያስመስለዋል፣ የሚጣመመውን ያህል አያሳይም።

ማሽን የምትገዙም ውሉ ላይ የስቴፕ ፋይል፣ ጽሑፍና ጥቃቅን ጌጡ የወጣለት፣ ብላችሁ አስገቡ። ኤስቲኤል የሚባለውን፣ የዕቃውን ገጽ በሦስት ማዕዘኖች ብቻ የሚይዘውን ፋይል፣ ብቻውን ከላኩላችሁ አትቀበሉ፤ እሱ በሚሊ ሜትር ይሁን በኢንች እንኳን አይናገርም፣ 25.4 እጥፍ የተሳሳተ ዕቃ ይዛችሁ ልትቀሩ ነው። ተማሪዎች ደግሞ ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ፍለጋ ቫይረስ ከምትሸምቱ ሜሽ የሚሠራው ጂሜሽና ስሌቱን የሚሠራው ካልኩሊክስ በነፃ አሉላችሁ። መልካቸው አያምርም፣ ግን ሜሹ ከምን እንደተሠራ አይደብቁም።

አዲሱ መቀመጫ ብረቱ ቀልጦ ፈስሶ ከተገጠመ ቆየ፣ ክሬሸሩም እየሠራ ነው። ፊደሎቹ ያሉበትን የመጀመሪያውን ፋይል ግን አልጣልኩትም። ስፔር የሚያስመጣው ሰውዬ በደወለ ቁጥር የሞዴል ቁጥሩን የማነብለት ከሱ ላይ ነው።

አንድ የሜካኒካል ኢንጂነር፣ ከቃሊቲ