ጣናን ቁጭ ብለን የምናይበት ቦታ ስጡን

ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር፣ የሐይቁን ዳር ለምትነድፉና ለምትወስኑ ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ።

በጥቅምት እናቴ ከገጠር መጥታ ነበር። ጉልበቷን ያማታል፣ ብዙ መሄድ አትችልም። «ባሕሩን አሳየኝ» አለችኝ። ወደ ውሃው ስንታጠፍ አንድ መዝናኛ በር ላይ ጥበቃው «ለመቀመጥ ማዘዝ ግዴታ ነው» አለን። ገባን፣ ሻይ አዘዝን። እናቴ ግን ሻዩ እስኪያልቅ እንኳ አልተረጋጋችም፤ ነጠላዋን እየሰበሰበች «እንሂድ ልጄ፣ የሰው ቤት ነው» አለችኝ። ሆዴ ተላወሰ። ጣና እንዴት ለእሷ የሰው ቤት ይሆናል?

ቦታ ሰውን ያናግራል። አንዳንዱ «ና ግባ» ይላል፣ አንዳንዱ ቶሎ ውጣ። ሮጀር ኡልሪች የተባለ ተመራማሪ በ1984 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት አለ፦ ከሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና በኋላ በመስኮታቸው ዛፍ ያዩ የነበሩ ሕመምተኞች የጡብ ግድግዳ ብቻ ከሚታያቸው ቀድመው ከሆስፒታል ወጡ፣ ጠንካራ ማስታገሻም ያነሰ ወሰዱ። ዛፍ በመስኮት ማየት ይህን ካደረገ፣ ደጃችን ላይ ያለው ሐይቅማ ስንቱን ባሳረፈ ነበር!

ደግሞ ከሩቅ መማር አያስፈልገንም። የቅዱስ ጊዮርጊስን ግቢ እዩት። ዛፍ አለ፣ ጥላ አለ። አንዲት እናት ጥግ ይዛ ብትቀመጥ «ምን ፈልገሽ ነው?» የሚላት የለም። አዲሱ የዓባይ ድልድይም 380 ሜትር ሲረዝም ለእግረኛና ለብስክሌት የራሱ መንገድ ተሠርቶለታል፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው እዚያ ላይ ታስቦለታል፣ እኔም ሳልፍበት ደስ ይለኛል።

ለሐይቁ ዳርም ይኸው ይታሰብለት። የምንለምናችሁ ብዙ አይደለም። ሳይከፈል የሚገባበት፣ ከመንገዱ እስከ ውሃው አጥር የሌለው መተላለፊያ። መደገፊያና የእጅ ማሳረፊያ ያለው ወንበር፣ ምክንያቱም ጉልበቱን የሚያመው ሰው ከጠፍጣፋ ሲሚንቶ ላይ ተነሥቶ መቆም ይከብደዋል። ወንበሮቹም ሁሉ በአንድ መስመር አይደርደሩ፤ ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ መጫወት ይፈልጋል። ንጹሕ መጸዳጃም ይኑር፣ ያለሱ እናቶች ቶሎ ነው የሚመለሱት። ከሁሉ በላይ ግን፣ እባካችሁ፣ ያሉትን ዋርካዎች አትንኩብን። ዛሬ የሚተከል ችግኝ የዋርካ ጥላ እስኪሰጥ እናቴ አትደርስበትም።

ለጥምቀት ትመጣለች። አንድ ዋርካ ሥር ሁለት ወንበር ብታስቀምጡ መጀመሪያ የምወስዳት እዚያ ነው።