ስድስት ጊዜ ለኦስካር ታጭታ አንዴም ያልወሰደችው ቴልማ ሪተር

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ሁሌ መሪ ተዋናይ ላይ ብቻ ነው የምናወራው ያላችሁ ልጆች ልክ ናችሁ፣ ስለዚህ ዛሬ ስለ አሜሪካዊቷ ረዳት ተዋናይት ስለ ቴልማ ሪተር ልበላችሁ። ብሩክሊን ነው የተወለደችው በ1902 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው)፣ ትወና ተምራ መድረክ ላይ ሰራች፣ ከዛ ልጆች ላሳድግ ብላ ራቅ አለች። ፊልም ላይ ብቅ ያለችው በ1947 ነው፣ በ45 ዓመቷ ማለት ነው! ያውም ስሟ እንኳን ሳይጻፍ፣ ለልጇ የገና መጫወቻ ፍለጋ ስትዞር የደከማት እናት ሆና።

ከዛ በኋላ ግን ማን ያቁማት፣ በረዳት ተዋናይት ዘርፍ ስድስት ጊዜ ለኦስካር ታጨች፣ አንዴም አልሰጧትም። እኔ እስካሁን ያናድደኛል። ቶኒ የሚባለውን የመድረክ ቲያትር ሽልማት ግን በ1958 ወስዳለች፣ እሱንም ከተዋናይት ግዌን ቨርደን ጋር እኩል ወጥተው ነው።

የዳይሬክተር ሂችኮክን ሪር ዊንዶው የሚለውን ፊልም ያላያችሁ እባካችሁ እዩት። እግሩ የተሰበረውን ሰውዬ የምታስታምም ነርስ ናት፣ ቁርሱን ታቀርብለትና ልክ ሊጎርስ ሲል ሚስቱን ገድሏል ብለው የጠረጠሩት ጎረቤት የት ቆራርጧት ይሆን እያለች ታሰላስላለች፣ ሳህኑን ሲያይ ፊቱ እንዴት እንደሚሆን! እሷ እቴ ምንም አልመሰላት፣ ስለ አየር ጸባይ የምታወራ ነው የምትመስለው። ሳቁን የሚያመጣው ይሄ ነው።

በ1969 አረፈች። ቅዳሜ ስንገናኝ የእሷን ፊልም እንክፈት፣ ፋይሉ ያላችሁ ጻፉልኝ።