ስሙን ቄስ ይጥራው ያልነው በሽታ

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ ሽሮና በርበሬ ልትልክልሽ ካርቶን ስታሽግ አየኋትና "ቆይ፣ አንድ ወረቀት አለኝ" አልኳት። ይኸው ሦስት ቀን ሆነው። ካርቶኑ በር ላይ ቁጭ ብሎ እኔን ይጠብቃል።

በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ሦስት ጊዜ ደወልኩልሽ። ሦስቴም ስለ አትላንታ ሙቀትና ስለ መኪናሽ ጎማ አውርተን ተሰነባበትን። አባት ለሴት ልጁ "ጡት" ብሎ ማውራት እኔ ባደግሁበት ቤት ነውር ነው። ወረቀት ላይ ግን ፊቴን አታዪውም። አማርኛ ስታነቢ እንደምትዘገዪ አውቃለሁ። ቀስ እያልሽ አንብቢው፤ ያልገባሽን እናትሽን ጠይቂያት።

ስለ ፕሮስቴቴ ካንሰር የምታውቂው እንዳለ ነው። ጨረሩን ጨርሻለሁ፣ ፒ ኤስ ኤ የሚሉት የፕሮስቴት የደም ቁጥሬ ወርዷል፣ ታክሲዬንም ይዤ ወጥቻለሁ። ያልነገርኩሽ ሌላ ነው። መጀመሪያ ቀን ሐኪሙ ፎርሙን እያየ "እናትህ ወይም እህትህ የጡት ካንሰር ነበረባቸው?" አለኝ። የእህቴ ጡት ከኔ ፕሮስቴት ጋር ምን አገናኘው ብዬ ገረመኝ። "የለም" አልኩት። ከዚያ ፓርኪንግ ወርጄ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ። ቁልፉን ማዞር አቃተኝ። ዋሽቼው ነበር። አስቤበትም አይደለም። ከሃያ ዓመት በላይ ስንለው የኖርነው ቃል ነው ቀድሞኝ የወጣው።

አክስትሽ የሞተችው በሳንባ አይደለም።

ደሴ እሷ ቤት ስንሄድ አምስት ዓመትሽ ነበር። ምናልባት ዕጣኑን ታስታውሺ ይሆናል። ከጠዋት እስከ ማታ ዕጣን ይጨሳል። አንቺን ያስልሽ ስለነበር እናትሽ ደጅ ታወጣሽ ነበር። እኔማ "መነኮስሽ እንዴ?" ብዬ ቀልጄባታለሁ። ቡና የምትቀዳው በቀኝ እጇ ብቻ ነው፤ ግራውን ከነጠላው ሥር አታወጣውም። ለካ ጡቷ ቆስሏል። ለካ ዕጣኑ ለቁስሉ ሽታ ነው። እብጠቱን ካገኘችው ሁለት ዓመት አልፎት ነበር፤ ለባሏ እንኳ አልነገረችውም። ጠበል ሄዳለች። ሐኪም ቤት የሄደችው መጨረሻ ላይ ነው። አዲስ አበባ ስናመጣት ወደ ጉበቷ ዘልቆ ነበር። ያኔ በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነው። እሷ ግን ጨረር የሚያድንበትን ጊዜ ቤቷ ቁጭ ብላ አሳልፋዋለች። በ1995 ዓ.ም. በ38 ዓመቷ አረፈች።

"ባደረባት ሕመም በሕክምና ስትረዳ ቆይታ" ብለን ቀበርናት። ዘመድ ሲጠይቅ "ሳንባዋን ነው" አልን። የበሽታውን ስም ቄስ ይጥራው። ሴቶች ልጆቿን "ዘራቸው ነው" ብሎ የሚያገባቸው እንዳያጡ ፈርተን ነው። አያትሽም ቢሆን መጨረሻው ላይ ሽንት እንቢ ብሎት ነበር። እርጅና ነው አልን እንጂ ማንም አላስመረመረውም። ምን እንደነበረ አሁን ከመቃብር አይጠየቅ ነገር።

የአሜሪካ ፎርም ላይ ግን "ባደረባት ሕመም" የሚል ሳጥን የለም።

በሁለተኛው ቀጠሮ እውነቱን ተናገርኩ። ሐኪሙ አልተቆጣኝም፤ የዘር ምርመራ ወደሚደረግበት ላከኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ብራካ 2 የሚሉት ዘረ መል ሲበላሽ ሴቷን ለጡት ካንሰር፣ ወንዱን ለፕሮስቴት ካንሰር ያጋልጣል። በእናትም በአባትም በኩል ይወረሳል፤ ለልጅ የመድረሱ ዕድል ግማሽ በግማሽ ነው። ብዙ ሰው የጡት ነገር በእናት ወገን ብቻ የሚሄድ ይመስለዋል። እኔም ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ ሐኪም "በቤተሰብ አለ ወይ?" ሲልሽ፣ የአባትሽ እህት ትቆጠራለች።

ውጤቴ መጣ። አለ አላሉኝም፣ የለም አላሉኝም። "ትርጉሙ ገና ያልታወቀ ለውጥ" አሉኝ። ያስረዳችኝ ልጅ ያንቺ እኩያ ናት፤ ትዕግሥቷ ለጉድ ነው። እንዲህ ዓይነት መልስ ከነጮች ይልቅ ጥቁሮችን፣ እስያውያንንና ላቲኖችን ይበልጥ ያጋጥማቸዋል አለችኝ። ማነጻጸሪያው መዝገብ የተሞላው በአብዛኛው ዘራቸው ከአውሮፓ በሆነ ሰዎች ነው። የኛ ዓይነት ሰው እዚያ ጥቂት ስለሆነ፣ በዘረ መሌ ላይ ያለው ፊደል ስህተት ይሁን የአገሬ ሰው ሁሉ የሚጽፈው ፊደል የሚለይ የለም። አብዛኛው እንዲህ ያለ ለውጥ ኋላ ላይ ጉዳት የሌለው ሆኖ እንደሚገኝም ነግራኛለች። ስለዚህ በዚህ ወረቀት አትደንግጪ። ግን እዚያ ወንበር ላይ አንድ ነገር መጣብኝ። እኛ ቤት ውስጥ ደበቅን፤ እነሱ ደግሞ አልመዘገቡንም። መሐል ላይ ያለሽው አንቺ ነሽ።

ስለ ፎርም ካነሳሁ አይቀር። አሜሪካ እንደገባን "ዘር" የሚለው ጥያቄ ላይ ብዕሬ ቆሞ ነበር። ሀበሻ የሚል የለም። "ጥቁር ወይም አፍሪካ አሜሪካዊ" የሚለውን አንድ ጓደኛዬ እያሳየኝ ምልክት አደረግሁ። ያቺ ሳጥን ስንቱን አጭቃ እንደያዘች ያወቅሁት አሁን ነው። ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ ስልኬ ላይ ማንበብ ለምጃለሁ፤ ያልገባኝን ጎረቤታችን ነርሷ ታስረዳኛለች።

አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ወንድ በፕሮስቴት ካንሰር የሚሞተው ከነጩ በእጥፍ ነው። የጡት ካንሰር ደግሞ የባሰ ግራ ያጋባል። ጥቁር ሴቶች የሚያዙት ከነጮቹ በትንሹ ባነሰ ቁጥር ነው፤ የሚሞቱት ግን ወደ 40 በመቶ በበለጠ ነው። አንዳንድ ሀበሻ ይሄን ሲሰማ "እሱ የነሱ ጣጣ ነው" ይላል። ዕድር ላይ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ አይዋጥልኝም። ሆስፒታል በር ላይ የሚቀበለኝ ሰው ጎንደሬ ልሁን ወሎዬ አያውቅም፤ የሚያየው መልኬን ነው።

በሌላ በኩል ግን ሳጥኗ ትዋሻለች። የጡት ካንሰር ሴል ላይ መድኃኒት የሚይዝባቸው ሦስት እጀታዎች አሉ በይ። ሁለቱ የሆርሞን ናቸው፤ ሦስተኛው ሄር ቱ ይባላል። ሦስቱም የሌሉት ዓይነት አለ፤ ትሪፕል ኔጋቲቭ ይሉታል። እጀታው የተሰበረ ጀበና ከእሳት ላይ አንሺ እንደማለት ነው፤ መያዣ የለውም፣ ፈጣንም ነው። አሜሪካ ውስጥ ጥቁር ሴቶች ላይ ከነጮቹ በእጥፍ ይታያል። ታዲያ ሊሳ ኒውማን የምትባል ጥቁር አሜሪካዊት ቀዶ ሐኪም ከባልደረቦቿ ጋር የአራት ወገን ሴቶችን ናሙና አስተያዩ። በ2016 እ.ኤ.አ. ታተመ። ጋናውያኑ ላይ ይሄ ዓይነት ከግማሽ በላይ ነው። አፍሪካ አሜሪካውያኑ ላይ ወደ 30 በመቶ። ኢትዮጵያውያኑ ላይ 15 በመቶ፤ ነጮቹም እንደዚያው 15 አካባቢ። ትንሽ ጥናት ነው፣ ግን ይገባል። የአፍሪካ አሜሪካውያኑ አያቶች በባርነት በመርከብ ተጭነው የመጡት በአብዛኛው ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ነው እንጂ ከኛ ተራራ አይደለም። አንድ ሳጥን፣ ሁለት የተለያየ አካል።

በዚህ ግን አትኩራሪ። ኢትዮጵያ ውስጥ የብዙዎቹ ዕጢ ሆርሞን የሚቀበል፣ በሚዋጥ ኪኒን ሊታከም የሚችል ዓይነት ነው። ይሄው ነው ያበሳጨኝ። የአክስትሽ ከየትኛው እንደሆነ የመረመረው የለም፤ ከተሻለውም ቢሆን ግን ሁለት ዓመት በነጠላ ተሸፍኖ ከኖረ ምን ዋጋ አለው?

አሥራ ስድስት ዓመትሽ ላይ የሆነውን ታስታውሻለሽ? ለትምህርት ቤት ምርመራ ሄደሽ "ነጭ የደም ሴሏ አንሷል" ተባለ። ሦስት ጊዜ ደም ቀዱሽ። እናትሽ "የደም ካንሰር ነው" ብላ ሚካኤል ተሳለች፣ እኔ ሁለት ሌሊት ሥራ አልወጣሁም። በመጨረሻ "ምንም የለባትም፣ ተፈጥሮዋ ነው" ብለው ሸኙን። ምክንያቱን ያወቅሁት ዘንድሮ ነው። ዳፊ የሚባል የደም ዓይነት አለ። ብዙ አፍሪካዊ፣ ከኛም ጥቂት የማይባል ሰው፣ ይሄ ምልክት በቀይ የደም ሴሉ ላይ የለውም። ምልክቱ አለመኖሩ አንድ የወባ ዓይነት እንዳይገባ በአብዛኛው በር ይዘጋል። እንዲህ ያለ ሰው ደሙ ውስጥ የሚቆጠረው ነጭ ሴል በተፈጥሮው ያንሳል፤ ለበሽታ ግን አይጋለጥም። ችግሩ "ጤናማ" የተባለው ቁጥር የወጣው ከነጮች ደም መሆኑ ነው። ካንሰር ሲይዝ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ኬሞ የሚሉትን የካንሰር መድኃኒት ከመስጠታቸው በፊት ይሄን ቁጥር ያያሉ። አነሰ ብለው ቀጠሮ ያራዝማሉ፣ መጠን ይቀንሳሉ፣ አዲስ መድኃኒት ከሚሞከርበት ጥናት ሰውየውን ያስወጣሉ። እንግዲህ የሴሉ ቁጥር በተነሳ ቁጥር "የኔ ድሮም እንዲህ ነው፣ ዳፊ ይታይልኝ" በይ። መዝገብሽ ላይም ይጻፍ።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ይሄኛው ልቤን የነካኝ ስለሆነ ነው። ሃሮልድ ፍሪማን የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም ኒውዮርክ፣ ሃርለም ሆስፒታል ይሠራ ነበር። እስከ 1986 እ.ኤ.አ. በነበሩት 22 ዓመታት እዚያ የታከሙ 606 የጡት ካንሰር ሕሙማንን መዝገብ አየ። አምስት ዓመት የኖሩት 39 በመቶ ብቻ ናቸው። ግማሾቹ የመጡት እንደ አክስትሽ ከረፈደ ነው። ስለዚህ ምርመራውን በነጻና በትንሽ ዋጋ አደረጉት። በ1990 ደግሞ እብጠት ለተገኘባት ሴት ሁሉ አንድ ሰው መደቡላት። ወረቀቷን የሚሞላ፣ ቀጠሮዋን የሚያስታውስ፣ "ኢንሹራንስ የለኝም" ስትል መላ የሚፈልግ፣ ስትፈራ አብሯት የሚቀመጥ። ኋላ ሲቆጥሩ አምስት ዓመት የኖሩት 70 በመቶ ሆኑ። ያው ሃርለም፣ ያው ሕዝብ። የማንም ደም አልተቀየረም። እኔ ሾፌር ነኝ ልጄ፣ መንገድ የማያውቅ ሰው ምን ያህል እንደሚንከራተት አውቃለሁ። የታከምኩበት የካንሰር ክፍል ውስጥ እንዲህ መንገድ የምትመራ ሴት ስታጋጥመኝ አቅፌ ልስማት ምንም አልቀረኝ።

አሁን ወዳንቺ። ጡትን በራጅ ማየት (ማሞግራም የሚሉት) በ40 ዓመት ይጀመር የሚለው ከ2024 ጀምሮ ለሁሉም ሴት የወጣ ምክር ነው። የአሜሪካ የራዲዮሎጂ ሐኪሞች ማኅበር ግን ሴቶች ሁሉ፣ በተለይም ጥቁር ሴቶች፣ የመያዝ ዕድላቸው ገና በ25 ዓመታቸው ይገመትላቸው ይላል። አንቺ 28 ነሽ፤ ሦስት ዓመት አሳልፈናል። ማሳለፉ የኔ ነው። ቀጠሮ ያዢና ይሄን ንገሪያቸው። የአባቴ እህት፣ የጡት ካንሰር፣ ሞት በ38። አባቴ፣ ፕሮስቴት፣ በ60። የአባቴ አባት፣ አልታወቀም። "አልታወቀም" የሚለውንም ይጻፉት። "ወጣት ነሽ፣ አያስፈልግሽም" የሚል ካጋጠመሽ አትከራከሪ፣ ሐኪም ቀይሪ።

የአክስትሽን ትልቋን ልጅ ባለፈው እሑድ ደሴ ደወልኩላት። ከሁላችሁም ይበልጥ ይሄን ማወቅ ያለባት እሷ ናት፤ ዕድሜዋም ወደ እናቷ ዕድሜ እየተጠጋ ነው። እንዴት እንደምጀምር ስንተባተብ ቆየሁና "እናትሽ የሞተችው..." አልኳት።

"አውቃለሁ ጋሼ" አለችኝ። "ጨርቁን የማጥብላት እኔ ነበርኩ።"

ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እኛ "ለልጆቹ ስንል" እያልን ስንደብቅ፣ እሷ "አጎቶቼ እንዳይሰሙ" እያለች ስትደብቅ ኖራለች። ልትመረመር ተስማምተናል፤ ወጪው በኔ ነው። ቁጥሯን ከወረቀቱ ጀርባ ጽፌልሻለሁ። ማታ እነሱ ጋ ሳይመሽ ደውይላት፤ አንቺን በጣም ትጠይቃለች።

በርበሬው አዲስ ነው፣ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጪው።

አባትሽ