ቀርከሃችን ቁጥቋጦ አይደለም

ለመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ቢሮ ኃላፊ

ክቡር ኃላፊ፣

ይህን ደብዳቤ ሁሉም እንዲያነበው ያወጣሁት ሌላ በር ስለጠፋ ነው። ማኅበራችን የሚጠብቀው ጫካ ለባለሀብት እንዳይሰጥ በማመልከቻ ጠየቅን፣ መልስ የለም። በአካል ቀረብን፣ «ጉዳዩ እየታየ ነው» ተባልን። ይኸው እየታየ ነው በተባለበት ጊዜ የባለሀብቱ ቀያሾች ጫካው ዳር ችካል ተክለው ሄዱ።

ነገሩ የመሬት አጠቃቀም ዕቅዱ ካርታ ነው። ወረዳው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ከወንዙ ማዶ እስከ ሸንተረሩ ጫፍ ያለው ጫካችን ቢጫ ተቀብቷል፤ ግርጌው ላይ «ቁጥቋጦ፣ ለኢንቨስትመንት ሊውል የሚችል» ይላል። ከተማው መግቢያ ላይ ያለው የባሕር ዛፍ ተክል ደግሞ አረንጓዴ ሆኖ «ደን» ተብሏል። ባለሙያውን ብጠይቀው «ሳተላይቱ ያሳየን ይሄንን ነው» አለኝ።

ለመሆኑ እዚያ ቢጫ ቦታ ገብተው ያውቃሉ? ታችኛው ክፍል ቀረሮና ጥቁር እንጨት የሚባሉት ትልልቅ ዛፎች ናቸው። የአንዳንዱን ቀረሮ ግንድ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አይዞረውም። ቀፎ የምንሰቅለው እሱ ላይ ነው፤ ገተም የሚባለው ዛፍ ሲያብብ የሚቆረጠው ነጭ ማር ከዚያ ይመጣል። ወደ ሸንተረሩ ሲወጡ ቀርከሃው ይጀምራል። ከቤት ጣሪያ በላይ የሚረዝም፣ በቀትር እንኳ ውስጡ የሚጨልም ቀርከሃ ነው። ካርታው «ቁጥቋጦ» ብሎ የጠራው ይህንን ነው።

ደንቡን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። አገሪቱ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በምትሠራበት ትርጉም ደን የሚባለው ስፋቱ ቢያንስ 0.5 ሄክታር፣ ቁመቱ ቢያንስ 2 ሜትር፣ የቅጠል ሽፋኑም፣ ማለት ከላይ ሲታይ ቅጠሉ የሚሸፍነው መሬት፣ ቢያንስ 20 በመቶ ነው። ቀርከሃም ከዛፍ እኩል በስሙ ተጠቅሷል። ታዲያ የእኛው በምን ተጣለ?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ይህ ነው። የአሳታፊ ደን አስተዳደር ውል፣ ማለት ጫካውን ጠብቀን እንድንጠቀምበት ከመንግሥት ጋር የሚደረገውን ውል፣ ስንፈርም ላንቆርጥ ቃል ገባን። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብንም የማኅበርንም ደን ያውቃል ተባልን፣ አመንን። ወሰኑ በጂፒኤስ ተለክቶ፣ ማኅተም ተመቶበት ከውሉ ጋር ተያያዘ። ያ ካርታ ፋይል ውስጥ አለ፤ አዲሱን የሠራው ሰው አላወጣውም። በሌላ በኩል ጫካ መንጥረው ያረሱ ሰዎች የይዞታ ደብተር ተሰጣቸው። እኛ ስላልመነጠርን መሬታችን «ክፍት» ተባለ። አሁን ልጆቻችን «ያኔ ብንቆርጠው ኖሮ የእኛ ይሆን ነበር» ይሉናል። ምን ብለን እንመልስላቸው?

ጥፋቱ የእኛ ወረዳ ብቻ አይመስለኝም። ካርታዎቻችን የሚቆጥሩት አረንጓዴውን ነው፤ ያልተነካውን ለይተው አያሳዩም። ሥሩ ለቡና የተመነጠረ ጫካ ከላይ ሲታይ ደህና ይመስላል። ውስጡ ሲገቡ ግን የቀረሮ ችግኝ የለም። ትልልቆቹ ዛፎች ሲወድቁ የሚተካቸው አይኖርም። ሁለቱን በአንድ ቀለም ቀብቶ ማቀድ አይቻልም።

ይህንን መለየት የሚቻል ነገር ነው። በሩሲያ ሰሜናዊ ቀዝቃዛ ደኖች እ.ኤ.አ. በ2002 ያልተነኩ ሰፋፊ ደኖችን የሚያሳይ አትላስ (የካርታ መጽሐፍ) ወጥቷል። ከሳተላይት ምስሉ ላይ መንገዱን፣ ሰፈሩን፣ የተቆረጠውን ከነዙሪያው እየቀነሱ ሄዱ። ከዚያ ከ50,000 ሄክታር የማያንሰውንና ወርዱ ቢያንስ 10 ኪሎ ሜትር የሆነውን መዘገቡ። ያ ልክ ለእኛ አይሆንም፤ ጫካችን የተቆራረጠ ስለሆነ አብዛኛው መለኪያውን አያሟላም። መለኪያውን ለእኛ በሚሆን መጠን ማሳነስ ይቻላል። መሬት ከመታደሉ በፊት ያልተነካውን መለየት ግን ግድ ነው።

በጀት የለም እንዳይሉኝ። ሴንቲኔል 2 የሚባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች ምስል በነጻ ይገኛል። 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነውን ቦታ ለይቶ ያሳያል፣ በየአምስት ቀኑም ይታደሳል። የእኛ አገር ደመና አስቸጋሪ ነው፤ በጋ የተነሳውን መምረጥ ያስፈልጋል። ከዚያ በእግር ገብቶ ማረጋገጥ ነው። ለዚህ ካርታ በእግር የገባ ባለሙያ የለም። ጫካውን የምንጠብቀው እኛ ነን፤ ሳናየው የሚገባ ሰው የለም።

ክቡር ኃላፊ፣ ለባለሀብቱ የሚደረገው ርክክብ ይቁም። ባለሙያ ይላኩ፤ ሽማግሌዎቻችን ወሰኑን በእግራቸው እየሄዱ ያሳዩታል። የተስተካከለው ረቂቅ ከመጽደቁ በፊት በየቀበሌው ይለጠፍ፣ ሰዉ አይቶ ተቃውሞ ካለው ያቅርብ። የቃል ተስፋ በቅቶናል። መልስዎን ማኅተም ባለበት ወረቀት ይስጡን፣ ቀያሾቹ ተመልሰው ከመምጣታቸው በፊት።

ከደን ተጠቃሚዎች ማኅበር አባላት አንዱ