ያልሮጥሽውን ሰዓት አትጻፊ

ልጄ፣ እንደምን ከረምሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ በርበሬውን አስፈጭታለች፤ ወደዚያ የሚመጣ ሰው ስናገኝ እንልካለን።

ትናንት አክስትሽ ደወለች። ለኮሌጅ አሰልጣኞች በምትልኪው ፎርም ላይ 400 ሜትርን በ56 ሰከንድ ብለሽ መሙላትሽን በደስታ ነገረችኝ። መቼ ሮጠችው? አልኳት። «ከ200 ሜትር ሰዓቷ ተነስታ ስልኳ ላይ አስልታ ነው» አለችኝ። እንቅልፍ አልወሰደኝም። ያልሮጥሽውን ሰዓት አትጻፊ።

ከ100 ወደ 200 ሲሆን ሒሳቡ ብዙም አያሳፍርም። ሯጩ ዩሴን ቦልት እ.ኤ.አ. በ2009 በርሊን ላይ 100ውን በ9.58፣ 200ውን በ19.19 ገባ። እጥፍ ነው ማለት ይቻላል። ሁለተኛውን መቶ ከቆመበት አይነሳማ፤ እየበረረ ነው የሚጀምረው። 400 ግን ሌላ ዓለም ነው። የማይክል ጆንሰን የ200 ምርጥ ሰዓት 19.32 ነው፤ ከቦልት በ13 መቶኛ ሰከንድ ይዘገያል። 400 ላይ ግን ጆንሰን 43.18፣ ቦልት 45.28! ቦልት እኮ 400 ላይ አልሠራበትም ትይኛለሽ። አንቺስ መቼ ሠራሽበት?

የ100ው 12.4ሽም ቢሆን እኔ በስቶፕዎች የያዝኩልሽ ነው። የእኔ ጣት መነሻው ላይ ይዘገያል፤ እዚያ ማሽኑ ከሽጉጡ ጋር አብሮ ይነሳል። ስለዚህ በእጅ የተያዘ ሰዓት ላይ 0.24 ይጨመራል፤ 12.64 ነው ያንቺ። ደግሞ የአዲስ አበባ አየር ስስ ነው፤ ለአጭር ርቀት ያግዛል። «በእጅ፣ አዲስ አበባ» ብለሽ አጠገቡ ጻፊ።

የኔ እናት፣ ያንን የገጠር ተማሪዬን ታውቂው የለ? ቡፌው ላይ ካለው ፎቶ ከጎኔ የቆመውን። እናትሽ አታንሳው ትለኛለች። 200 ላይ ጎበዝ ነበር። መልማይ ሲመጣ 400ውን እኔው አስልቼ «ከ49 በታች ይገባል» አልኩ። አንድም ቀን አስሩጬው አላውቅም። ወሰዱት። ሙከራው ላይ 300ው ድረስ መርቶ እግሩ ታሰረ፤ እየተራመደ ነው አሉ የጨረሰው። በሳምንቱ ቤቴ መጣ። ያዋስኩትን ስፓይክ ጫማ አጥቦ፣ በፌስታል ጠቅልሎ፣ «ጋሼ፣ አመሰግናለሁ» ብሎ በሩ ላይ ሰጠኝ። ግባ ብለው እምቢ አለ። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ አልነገርኩትም። እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

ያልሮጥሽውን ሰዓት አትጻፊ ብያለሁ!

ቅዳሜ ጠዋት ትምህርት ቤትሽ መም ላይ ውጪ። በደንብ አሟሙቂ፣ ቁርስ አታብዢ። 400ውን አንዴ እስከ መጨረሻው ሩጪው። የመጣውን ጻፊ፤ 63ም ቢሆን። ፎርሙ ከተላከ ነገ ጠዋት ደውለሽ አሳርሚ፤ ማፈር የለም። ስፓይኩ ጠቦሽ ከሆነም ንገሪኝ፣ ገንዘብ እንዳትደብቂኝ።

አክስትሽ ትውሰድሽ። ሰዓቱን ግን እሷ እንዳትይዘው፤ መሀል ላይ ስልክ ታነሳለች።

አባትሽ