ሮምን በምግቧ፦ ለተጓዥ አባላት

ውድ አባላት፣

ከቴስታቾ ገበያ እንጀምር። እሑድ ዝግ ነው፤ በሌላውም ቀን ጠዋት ካልደረሳችሁ ሻጮቹ ዘግተው ይሄዳሉ። የከተማዋ ቄራ እስከ 1975 እ.ኤ.አ. እዚሁ ሰፈር ስለነበረ፣ ጨጓራ በቲማቲምና በፔኮሪኖ አይብ፣ የበሬ ጭራም በሰለሪ ተቀቅሎ እዚህ በደንብ ይሠራል።

የአሳማ ሥጋ የማትበሉ ተጠንቀቁ፦ ካርቦናራ፣ አማትሪቻናና ግሪቻ የሚባሉት የፓስታ ምግቦች ሦስቱም የአሳማ ጉንጭ አለባቸው። ካቾ ኤ ፔፔ እዘዙ፤ ፓስታ፣ ፔኮሪኖና ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው። አይቡ ተጓጉሎ ከመጣ የፓስታው ውሃ ከልክ በላይ ግሎ ነበር ማለት ነው፤ በደንብ የተሠራው እንደ ክሬም ይለሰልሳል።

ለጾመኞች ደስ የሚል ዜና አለን። በአይሁዶች ሰፈር በወይራ ዘይት የሚጠበሰው አርቲቾክ የተባለ አትክልት ወቅቱ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው፤ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል። ቲማቲም የተቀባው ፒዛ ሮሳም አይብ የለውም። ፑንታሬሌ ሰላጣ ግን ማባያው ውስጥ ዓሣ ይገባበታል።

ተቆርጦ የሚሸጥ ፒዛ በሚዛን ነው፤ የተለጠፈው ዋጋ የ100 ግራም ሊሆን ስለሚችል መጠኑን በእጃችሁ አሳዩ። ቡና ቆማችሁ ጠጡ፣ ወንበር ላይ ይወደዳል።